የቻምበርሌይን 100 ነጥብ፦ የአንድ ታሪካዊ የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ሰንጠረዥ እንዴት ይነበባል?

አንድ የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ካለቀ በኋላ በእጃችን የሚቀረው አንድ ገጽ የማይሞላ የቁጥር ሰንጠረዥ ነው። በስፖርቱ ቋንቋ ቦክስ ስኮር የሚባለው ይህ ሰንጠረዥ ከላይ ወደ ታች የተጫዋቾቹን ስም፣ ከግራ ወደ ቀኝ ደግሞ እያንዳንዱ ተጫዋች የተሰለፈበትን ደቂቃ፣ የወረወረውንና ያስቆጠረውን፣ የያዘውን ሪባውንድ (ሳይገባ የተመለሰ ኳስ)፣ ያቀበለውን አሲስት (ወደ ነጥብ ያመራ ቅብብል)፣ የሠራውን ፋውል (ጥፋት) እና በመጨረሻም የነጥቡን ድምር ያሰፍራል። በዛሬ ጨዋታዎች ሰንጠረዡ አጋዥ ማስታወሻ ብቻ ነው፤ ያልገባን ነገር ካለ ወደ ቪዲዮው ተመልሰን እናየዋለን። ምስል ላልተቀረጸለት የቆየ ጨዋታ ግን ከሰንጠረዡ የተሻለ ምስክር ስለማይገኝ፣ አነባበቡን ማወቅ ጨዋታውን ከማየት የማይተናነስ ዋጋ አለው።

ለዚህ ዓይነቱ ንባብ መለማመጃ የሚሆን ከሁሉ የተሻለ ሰንጠረዥ የትኛው ነው ብባል፣ እ.ኤ.አ. ማርች 2 ቀን 1962 በፔንሲልቬኒያ ግዛት በምትገኘው የሄርሺ ከተማ የተደረገውን የፊላደልፊያ ዋሪየርስና የኒው ዮርክ ኒክስ ጨዋታ እመርጣለሁ። ዋሪየርስ 169 ለ 147 ያሸነፈበትና የቡድኑ ተጫዋች ዊልት ቻምበርሌይን ብቻውን 100 ነጥብ ያስቆጠረበት ይህ ጨዋታ በቴሌቪዥን አልተላለፈም፤ በፊልምም አልተቀረጸም። በአዳራሹ የነበረው ተመልካች 4,124 ብቻ ሲሆን፣ ከዚያ ምሽት የቀሩት ዋና ዋና ማስረጃዎች የአራተኛው ሩብ የሬዲዮ ቅጂ፣ ቻምበርሌይን «100» የተጻፈበት ወረቀት ይዞ የተነሣው ፎቶግራፍና ይኸው ሰንጠረዥ ናቸው።

መጀመሪያ መደመር

ሰንጠረዥ በእጅዎ ሲገባ ዓይንዎ ወደ ትልቁ ቁጥር እንዲሮጥ አይፍቀዱለት። መጀመሪያ የሚነበበው የታችኛው፣ የቡድኑ ድምር ያለበት መስመር ነው፤ ምክንያቱም ቦክስ ስኮር ራሱን በራሱ የሚያርም ሒሳብ ስለሆነ፣ የመገልበጥ ስሕተት ካለበት ድምሩ ያጋልጠዋል። የዋሪየርስ ተጫዋቾች ቁጥር እንደሚከተለው ነው፤ መጀመሪያ ደቂቃ፣ ቀጥሎ ከሜዳ ውርወራ (በጨዋታ መካከል ከሚወረወረው) የገባው ከተወረወረው፣ ቀጥሎ ከነጻ ውርወራ (ከፋውል በኋላ ያለ ተከላካይ ከሚወረወረውና አንድ ነጥብ ከሚያስገኘው) የገባው ከተወረወረው፣ በመጨረሻም ነጥብ ተቀምጧል።

ፖል አሪዚን፦ 31 ደቂቃ፣ 7 ከ18፣ 2 ከ2፣ 16 ነጥብ
ቶም መሸሪ፦ 40 ደቂቃ፣ 7 ከ12፣ 2 ከ2፣ 16 ነጥብ
ዊልት ቻምበርሌይን፦ 48 ደቂቃ፣ 36 ከ63፣ 28 ከ32፣ 100 ነጥብ
ጋይ ሮጀርስ፦ 48 ደቂቃ፣ 1 ከ4፣ 9 ከ12፣ 11 ነጥብ
አል አትልስ፦ 34 ደቂቃ፣ 8 ከ8፣ 1 ከ1፣ 17 ነጥብ
ዮርክ ላሬሴ፦ 14 ደቂቃ፣ 4 ከ5፣ 1 ከ1፣ 9 ነጥብ
ኤድ ኮንሊን፦ 14 ደቂቃ፣ 0 ከ4፣ ነጻ ውርወራ የለም፣ 0 ነጥብ
ጆ ሩክሊክ፦ 8 ደቂቃ፣ 0 ከ1፣ 0 ከ2፣ 0 ነጥብ
ቴድ ለከንቢል፦ 3 ደቂቃ፣ ውርወራ የለም፣ 0 ነጥብ

ሦስት ማረጋገጫዎችን በቅደም ተከተል ያድርጉ። የመጀመሪያው የደቂቃ ነው፦ የኤንቢኤ (የአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ሊግ) ጨዋታ 48 ደቂቃ ስለሚፈጅና በአንድ ጊዜ አምስት ሰው ስለሚሰለፍ፣ ተጨማሪ ሰዓት በሌለበት ጨዋታ የአንድ ቡድን ደቂቃዎች ተደምረው 240 መምጣት አለባቸው። ከላይ ያሉትን ይደምሯቸው፤ 240 ይመጣል። ሁለተኛው በእያንዳንዱ መስመር ላይ የሚደረግ ነው፦ የገባውን የሜዳ ውርወራ በሁለት አባዝተው የገባውን ነጻ ውርወራ ሲጨምሩበት የተጫዋቹን ነጥብ ማግኘት ይኖርብዎታል። ለቻምበርሌይን 36 ሲባዛ በ2 72 ይሆናል፤ 28 ሲጨመርበት 100 ይሞላል። ከርቀት የገባ ውርወራ ሦስት ነጥብ የሚያስገኝበት የሦስት ነጥብ መስመር ወደ ኤንቢኤ የገባው በ1979–80 የውድድር ዘመን ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ለተደረገ ለማንኛውም የሊጉ ጨዋታ ይህ ቀመር ያለ ምንም ማስተካከያ ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ ላሉት ደግሞ ለእያንዳንዱ የገባ ባለ ሦስት አንድ ነጥብ ይጨመራል። ሦስተኛው ወደ ታች መደመር ነው፦ ዋሪየርስ 63 ከ115 የሜዳ ውርወራና 43 ከ52 ነጻ ውርወራ ስላገባ፣ 126 እና 43 ተደምረው 169 ይሆናሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ጉድጓድ አለ። 63 የሚለው ቁጥር በዚህ ሰንጠረዥ ውስጥ ሁለት ጊዜ ይገኛል፦ አንዴ ቻምበርሌይን የወረወረው፣ አንዴ ደግሞ መላው ቡድን ያስቆጠረው ሆኖ። ሁለቱ የተገጣጠሙት በአጋጣሚ ብቻ ነው፤ ነገር ግን በዚህ የተነሣ የቡድኑ የሜዳ ውርወራ ውጤታማነትም፣ ቻምበርሌይን ከቡድኑ ውርወራ የወሰደው ድርሻም በተመሳሳይ 54.8 በመቶ ይሆናሉ። ስለዚህ ማስታወሻ ሲይዙ «54.8 በመቶ» ብለው ብቻ አይተዉት፤ የምን ከምን እንደሆነ አብረው ይጻፉ።

የኒክስን መስመሮችም በተመሳሳይ መንገድ ይፈትሹ። ሪቺ ጌሪን በ46 ደቂቃ 13 ከ29 እና 13 ከ17 አግብቶ 39 ነጥብ፣ ክሊቭላንድ በክነር በ33 ደቂቃ 16 ከ26 እና 1 ከ1 አግብቶ 33 ነጥብ፣ ዊሊ ኖልስ በ43 ደቂቃ 9 ከ22 እና 13 ከ15 አግብቶ 31 ነጥብ አስመዝግበዋል። ዴቭ በድ 13፣ ዶኒ ቡቸር 10፣ አል በትለር 8፣ ዳራል ኢምሆፍ 7፣ ጆኒ ግሪን 6 ነጥብ ሲኖራቸው የቡድኑ ድምር 57 ከ118 የሜዳና 33 ከ41 ነጻ ውርወራ፣ በጠቅላላው 147 ነው። የሦስቱ ግንባር ቀደም የኒክስ አስቆጣሪዎች ነጥብ ተደምሮ 103 መሆኑን ልብ ይሏል፤ አንድ ሰው ብቻውን የሠራውን ሥራ ሦስት ሰዎች በዚያው ሜዳ፣ በዚያው ምሽት፣ በድምሩ 77 ውርወራ ሠርተውታል።

ባዶ ቦታ ዜሮ አይደለም

ሒሳቡ ከተረጋገጠ በኋላ የሚቀጥለው ሥራ ሰንጠረዡ ምን እንዳልመዘገበ ማወቅ ነው። ኤንቢኤ የታገዱ ኳሶችንና ከተጋጣሚ የተነጠቁ ኳሶችን በይፋ መቁጠር የጀመረው በ1973–74 ሲሆን፣ ሪባውንድን የማጥቃትና የመከላከል ብሎ የለየውም በዚያው ዘመን ነው። በብልሽት ለተጋጣሚ የተላለፉ ኳሶች ለእያንዳንዱ ተጫዋች መመዝገብ የጀመሩት በ1977–78 ነው። ስለዚህ ቻምበርሌይን በዚያ ምሽት 25 ሪባውንድ እንደያዘ እናውቃለን፤ ከእነዚህ ስንቱን በራሱ ቡድን ከተሳተ ውርወራ ላይ እንደያዘውና ስንቱን ወዲያው መልሶ እንዳስቆጠረው ግን ከሰንጠረዡ ማውጣት አይቻልም። ስንት ኳስ እንዳገደም እንዲሁ። አንዳንድ ዘመናዊ የመረጃ ቋቶች እነዚህን ዓምዶች ባዶ ሲተዉአቸው አንባቢው እንደ ዜሮ ይቆጥራቸዋል፤ በዘመኑ ከነበሩት ታላላቅ ኳስ አጋጆች አንዱ የነበረውን ሰው አንድም ኳስ አላገደም ማለት ግን ከስሕተትም የከፋ ስሕተት ነው።

ከዚህ የሚከተል አንድ ቴክኒካዊ ገደብ አለ። ዛሬ የቡድኖችን የማጥቃት ብቃት ለማነጻጸር በኳስ ይዞታ ብዛት ማካፈል የተለመደ ሲሆን፣ ይህ ስሌት የማጥቃት ሪባውንድንና የተበላሹ ኳሶችን ይፈልጋል። ሁለቱም ለ1962 ስለሌሉ የይዞታውን ብዛት ለዚህ ጨዋታ አሰላሁ የሚል ሰው ከሌላ ቦታ ግምት ጨምሮበታል ማለት ነው። በምትኩ ማድረግ የሚቻለው ነጥብን ለተወረወረው ኳስ ማካፈል ነው፤ እርሱንም ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሲስትን በተመለከተ ደግሞ የሚያስፈልገው ጥንቃቄ ሌላ ዓይነት ነው። ውርወራ ወይ ይገባል ወይ አይገባም፤ አሲስት ግን የመዝጋቢው ፍርድ ነው። ጋይ ሮጀርስ 20 አሲስት እንዳለው ሲያነቡ፣ ከሜዳ ዳር ተቀምጦ «ይህ ቅብብል ወደ ነጥብ አምርቷል» ብሎ የወሰነ ሰው እንዳለ ያስታውሱ። ቁጥሩን ለመጠራጠር በቂ ምክንያት የለም፤ ዳሩ ግን ከዛሬ 20 አሲስት ጋር አንድ ለአንድ ማነጻጸሩ አስተማማኝ አይሆንም።

ሩብ በሩብ

የሙሉ ጨዋታ ድምር የጊዜን ቅደም ተከተል ይደብቃል፤ በሩብ የተከፋፈለ መረጃ ካገኙ ግን ጨዋታው መንቀሳቀስ ይጀምራል። የቡድኖቹ ውጤት በየሩቡ 42 ለ 26፣ 37 ለ 42፣ 46 ለ 38 እና 44 ለ 41 ነበር። ከዚህ የምንረዳው ኒክስ ሁለተኛውን ሩብ ማሸነፉን፣ ከመጨረሻው የ22 ነጥብ ልዩነት ውስጥም 16ቱ ገና በመጀመሪያዎቹ 12 ደቂቃዎች መፈጠሩን ነው። በእኔ አስተያየት የጨዋታው አሸናፊ የታወቀው ያን ጊዜ ነው፤ ከእረፍት በኋላ የቀጠለው ታሪክ የአንድ ሰው ታሪክ ነው።

ቻምበርሌይን በመጀመሪያው ሩብ 7 ከ14 የሜዳና 9 ከ9 ነጻ ውርወራ አግብቶ 23 ነጥብ፣ በሁለተኛው 7 ከ12 እና 4 ከ5 አግብቶ 18፣ በሦስተኛው 10 ከ16 እና 8 ከ8 አግብቶ 28፣ በአራተኛው 12 ከ21 እና 7 ከ10 አግብቶ 31 አስቆጥሯል። በእረፍት ሰዓት የነበረው ነጥብ 41 ነው፤ በዚያ የውድድር ዘመን በአማካይ 50.4 ነጥብ ለሚያስቆጥር ሰው ይህ ጥሩ ምሽት እንጂ ተአምር አልነበረም። ተአምሩ ከእረፍት በኋላ የመጣው 59 ነው።

አሁን የእርሱን ነጥብ በየሩቡ ከቡድኑ ነጥብ ጋር ያካፍሉ። ድርሻው በመጀመሪያው ሩብ 54.8፣ በሁለተኛው 48.6፣ በሦስተኛው 60.9፣ በአራተኛው 70.5 በመቶ ይሆናል። ይህ አቅጣጫ የሚነግረን ጓደኞቹ ሆን ብለው ኳሱን ወደ እርሱ እንዳዞሩ ነው፤ በቦታው የነበሩ ሰዎች ከተናገሩት ጋርም ይስማማል። በእነርሱ ቃል መሠረት ኒክሶች በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ኳሱ ቻምበርሌይን ዘንድ እንዳይደርስ ሌሎቹን የዋሪየርስ ተጫዋቾች ፋውል ይሠሩባቸው ነበር፤ ዋሪየርሶች በበኩላቸው ኳሱን ቶሎ ለማግኘት ኒክሶችን መልሰው ፋውል ይሠሩባቸው ነበር።

ሰንጠረዡ ይህን ያረጋግጣልን? ጥያቄው አንባቢ መጠንቀቅ ያለበትን ቦታ በደንብ ያሳያል። ሮጀርስ በጠቅላላው ጨዋታ ከሜዳ 4 ጊዜ ብቻ ወርውሮ 12 ነጻ ውርወራ ማግኘቱ፣ ጌሪንም 17 ነጻ ውርወራ መውሰዱ ከተባለው ጋር ይሄዳሉ። ይሁን እንጂ እነዚህ የሙሉ ጨዋታ ድምሮች ናቸው፤ መቼ እንደተወረወሩ አይናገሩም። ስለዚህ በጽሑፍዎ ውስጥ «ሰንጠረዡ ከምስክሮቹ ቃል ጋር አይጋጭም» ማለት ይችላሉ፤ «ሰንጠረዡ ያረጋግጣል» ማለት ግን አይችሉም።

ሰንጠረዡ ጨርሶ የማያሳየው ደግሞ ያልተሰለፈ ሰው ነው። የኒክስ ቋሚ ሴንተር (ከቅርጫቱ አጠገብ የሚጫወተው ረጅም ተጫዋች) ፊል ጆርደን በዚያ ምሽት አልተጫወተም፤ ስሙም በሰንጠረዡ ውስጥ የለም። በምትኩ የገባው ኢምሆፍ ከቻምበርሌይን ጋር ሲታገል በ20 ደቂቃ ውስጥ ስድስት ፋውል ሞልቶበት ወጣ። የአንድን ተጫዋች ታላቅ ምሽት ሲመረምሩ የተጋጣሚውን ስም ዝርዝር ከሌሎች ጨዋታዎች ዝርዝር ጋር ማስተያየት የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

ድርሻና ውጤታማነት

100 ነጥብን በስንት ውርወራ? ወደዚህ ጥያቄ ሲመጡ ተራው መቶኛ ብቻውን አይበቃዎትም። ቻምበርሌይን ከሜዳ 57.1 በመቶ፣ ከነጻ ውርወራ 87.5 በመቶ አግብቷል፤ ሁለቱን በአንድ ቁጥር ለማዋሐድ ግን ነጥቡን፣ የሜዳ ውርወራዎቹ ብዛት እና የነጻ ውርወራዎቹ ብዛት በ0.44 ተባዝቶ ሲደመሩ ለሚገኘው ቁጥር እጥፍ ያካፍሉ። 32 ሲባዛ በ0.44 14.08 ነው፤ 63 ሲጨመርበት 77.08፣ እጥፉ 154.16 ይሆናል፤ 100 ለዚህ ሲካፈል 64.9 በመቶ ይመጣል። የቀሩት ጓደኞቹ በአንድ ላይ 27 ከ52 የሜዳና 15 ከ20 ነጻ ውርወራ አግብተው 69 ነጥብ ስላስቆጠሩ በዚሁ ስሌት 56.7 በመቶ ያገኛሉ። ኳሱን ለእርሱ መስጠቱ፣ እንግዲህ፣ ለሪከርድ ሲባል ብቻ የተደረገ ብክነት አልነበረም። 0.44 የሚለው ማባዣ ከዘመናዊ ጨዋታዎች የተወሰደ ስለሆነና የነጻ ውርወራ ደንቡ በ1962 ከዛሬው የተለየ ስለነበር፣ ውጤቱን እንደ ግምት እንጂ እንደ ትክክለኛ ልኬት አይያዙት።

ቡድኖቹን በዚሁ መንገድ ስናስተያይ፣ ዋሪየርስ በአንድ የማስቆጠር ሙከራ 1.23፣ ኒክስ ደግሞ 1.08 ነጥብ አግኝተዋል። የውርወራው ብዛት ተቀራራቢ ነበር፤ እንዲያውም ኒክስ ከሜዳ በሦስት በልጦ ወርውሯል። ልዩነቱ የፍጥነት ሳይሆን የማስገባት ነበር ማለት ነው። የሁለቱ ድምር 316 ነጥብ በጊዜው ሪከርድ ቢሆንም፣ በአንድ ጨዋታ 233 የሜዳ ውርወራ መወርወሩን ሳይጠቅሱ ይህን ቁጥር ብቻውን ማቅረብ አንባቢን ያሳስታል።

የውድድር ዘመኑ አማካይ ከጎን ሲቀመጥ ደግሞ ሌላ ነገር ይታያል። ቻምበርሌይን በ1961–62 ከ1,363 ነጻ ውርወራ 835 ብቻ ነበር ያገባው፤ ይህም 61.3 በመቶ ነው። ደካማ ጎኑ ይኸው ነበር፤ በዚያ ዘመን ኳሱን በሁለት እጁ ከታች ወደ ላይ እየወረወረ ለማሻሻል ይሞክር ነበር። በሄርሺም እንደ ልማዱ ቢያገባ ኖሮ ከ32ቱ ወደ 20 ያህሉ ብቻ ይገቡና ነጥቡ 92 ላይ ይቆም ነበር። የሜዳ ውርወራውም ወደ ዓመቱ አማካይ 50.6 በመቶ ቢወርድ ከ63ቱ 32 ገደማ ስለሚገቡ ድምሩ 84 ይሆናል። ይህን ስሌት የምወደው የዚያን ምሽት ዕድል ከዘወትር ብቃቱ ስለሚለይልን ነው፦ ከ100ው ውስጥ ወደ 16 የሚሆነው የምሽቱ ስጦታ ሲሆን፣ የቀረው የዚያ ሰው የተለመደ ሥራ በ63 ውርወራ ሲባዛ የሚመጣ ነው። በተጨማሪም ሙሉውን 48 ደቂቃ መጫወቱ ሊያስገርመን አይገባም፤ የዓመቱ አማካዩ 48.5 ደቂቃ ነበርና። ከአንድ ጨዋታ ርዝመት የሚበልጥ አማካይ ስሕተት ቢመስልም፣ ተጨማሪ ሰዓት የነበራቸው ጨዋታዎች ያመጡት ትክክለኛ ቁጥር ነው።

ከሌላ ዘመን ጋር ማነጻጸር ከፈለጉ ጥሬ ነጥብን ከጥሬ ነጥብ ጋር አያስተያዩ። ኮቢ ብራያንት እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 22 ቀን 2006 ሎስ አንጀለስ ሌከርስ ቶሮንቶ ራፕተርስን 122 ለ 104 ሲያሸንፍ 28 ከ46 የሜዳ ውርወራ፣ ከእነዚህም ውስጥ 7 ከ13 ባለ ሦስት፣ እንዲሁም 18 ከ20 ነጻ ውርወራ አግብቶ 81 ነጥብ አስቆጥሯል። የእርሱ ድርሻ ከቡድኑ ነጥብ 66.4 በመቶ ሲሆን የቻምበርሌይን 59.2 በመቶ ነበር፤ በቀደመው ቀመር ውጤታማነቱም 73.9 በመቶ ይደርሳል። በድርሻና በውጤታማነት ኮቢ ይቀድማል፤ በብዛት፣ በሪባውንድና ሳያርፉ በመጫወት ቻምበርሌይን ይቀድማል። የትኛው ይበልጣል የሚለውን ከመመለስዎ በፊት የትኛውን መለኪያ እንደመረጡና ለምን እንደመረጡ ለአንባቢ ይንገሩ።

ትንንሾቹ መስመሮች

ትልቅ ቁጥር ያለበት ሰንጠረዥ ትንንሾቹን መስመሮች ያስረሳል፤ ስለዚህ ንባቡን ከመዝጋትዎ በፊት ከታች ወደ ላይ አንድ ጊዜ ይመለሱ። አል አትልስ ከሜዳ 8 ወርውሮ 8 አግብቷል፤ ነጻ ውርወራውም 1 ከ1 ነው። በሌላ በማንኛውም ምሽት አንድም ሳይስት 17 ነጥብ ያስቆጠረ ተጫዋች የጨዋታው ወሬ ይሆን ነበር። ሮጀርስም እንደ ቻምበርሌይን 48 ደቂቃ ሙሉ ተሰልፏል።

ከሁሉም በላይ የሩክሊክን መስመር ይመልከቱ፦ 8 ደቂቃ፣ 0 ከ1፣ 0 ከ2፣ 0 ነጥብ። ዜሮዎቹን ብቻ አይቶ የሚያልፍ አንባቢ በአሲስት ዓምድ ላይ ያለችው አንዷ ቁጥር ታመልጠዋለች። ጨዋታው ሊያልቅ 46 ሰከንድ ሲቀረው ቻምበርሌይን ወደ ቅርጫት ከትቶ 100 ያደረሰውን ኳስ ያቀበለው ሩክሊክ ነበር።